በሶፊ የቆመችው ፔጆ፤ አሮጌ መኪናን ስለ ማደስና ስለ መሸጥ

ዕቃ ሁሉ ሁለት ዕድሜ አለው። አንደኛው ከሠሪው እጅ ወጥቶ እስኪያረጅ ድረስ ያለው ነው፤ ሁለተኛው ግን ካረጀ በኋላ ባለቤቱ እየጠገነና እያደሰ የሚጨምርለት ነው። የመጀመሪያውን ዕድሜ ፋብሪካ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛውን የሚሰጠው የቤተሰብ ትዕግሥትና የባለሙያ እጅ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ ሻጩ ምን መናገር እንደሚገባው፣ ገዢውም ምን መጠየቅ እንደሚገባው አስቀድሞ ማወቅ ለቤተሰብ ሁሉ የሚጠቅም ነገር ነው። ስለዚህም ወደ ሐረር ባደረግነው ጉዞ ያየነውንና የሰማነውን፣ ይልቁንም በሶፊ ወረዳ በአንድ ግቢ ቆማ ስላገኘናት አሮጌ ፔጆ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንተርክ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ የደንገጎን ዳገት በጥምዝምዙ መንገድ ከወጣ በኋላ፣ በሐረማያና በአወዳይ አልፎ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ወደ ተመሠረተችው ነፋሻማ ከተማ ይገባል። ርቀቱ ከ50 ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ይህን መንገድ ለማለፍ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። ነገር ግን መንገደኛው ይህን ምቾት እንደ ተራ ነገር እንዳይቆጥረው የቀድሞውን ዘመን ማስታወስ ይገባዋል። በሐረር ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1891 ጉልበቱን በጠና በታመመ ጊዜ፣ ተሸካሚዎች በቃሬዛ አድርገው እስከ ዘይላ ጠረፍ ያደረሱት ከ10 ቀን በላይ ተጉዘው ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ዛሬ ድሬዳዋ ወደምትባለው ስፍራ የደረሰው ከዚያ በኋላ በ1902 ነው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባለውን የአገሩን አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባና ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አሳየ። እንግዲህ ወደ ዋና ከተማችን ከሁሉ በፊት ከገቡት መኪናዎች አንዲቱ የእንግሊዝ ሥራ እንደ ነበረች እናስታውስ፤ ኋላ የምንናገረው ነገር ወደ እንግሊዝ መኪናዎች ይመልሰናልና።

ሐረር የደረሰ ሰው ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በጀጎል ግንብ ላይ ነው። ይህን ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ኤሚር ኑር ናቸው። የጥንት በሮቹ አምስት ሲሆኑ፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። በግንቡ የታጠረችው ከተማ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ስፍራዎች የሚገኙባት ስለ ሆነች፣ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2006 በዓለም ቅርስ መዝገብ አስገብቷታል። የውስጥ መንገዶቿ የተሠሩት ለእግረኛና ለጭነት ከብት ነውና፣ መኪና ኋላ በሰፊው በተከፈተው በር በኩል እስከ ፈረስ መጋላ ይገባል እንጂ በየሰፈሩ መተላለፊያ እንደ ልቡ አይመላለስም። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ይህን ስም የሰማ እንግዳ አውቶሞቢል የሚርመሰመስበት መንገድ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ስሙ የወጣው ልብስ ሰፊዎች በመንገዱ ዳር ደርድረው ከሚሠሩባቸው የስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። በቋንቋችን የስፌቱም የመንገዱም መኪና አንድ ስም ስላላቸው ቃሉ ለሁለቱም ይሆናል።

ለመንገዱ መኪና ግን ሐረር ከሌሎች ከተሞች የተለየ ታሪክ አላት። ከግንቡ ውጭና በአካባቢው ሰውን ለብዙ ዓመታት ያመላለሰችው ፔጆ 404 የምትባለው የፈረንሳይ መኪና ናት። በሌላ አገር በሙዚየም ወይም በሀብታም ጋራዥ ውስጥ ብቻ የምትታየውን ይህችን መኪና፣ የሐረር ሰው ዕቃውንና ልጆቹን ይዞ ወደ ገበያ የሚሄድባት ታክሲ አድርጎ ስላኖራት፣ ከውጭ አገር የሚመጡ ጋዜጠኞችና ጐብኚዎች ሁሉ ሳይጽፉላት፣ ፎቶግራፍም ሳያነሷት አያልፉም። ዛሬ ብዙውን ሥራ ባጃጅ የሚባለው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ወስዶባታል፤ ቢሆንም ስሟ ከከተማይቱ ስም ጋራ ተያይዞ ቀርቷል።

ፔጆ 404 ለሕዝብ የታየችው በ1960 ነው። በፈረንሳይ አገር የቤቱ መኪና ሥራ እስከ ቆመበት እስከ 1975 ድረስ እጅግ ብዙ ተሠራች፤ ከ2 ሚሊዮን በላይም ተሸጠች። በመጀመሪያዪቱ ላይ የነበረው ሞተር 1,618 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘት ያለው ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን፣ ቁመቱ እንዲያጥርና ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ሲባል ወደ ጎን 45 ዲግሪ ያህል ጋደል ተደርጎ የተቀመጠ ነው። የማርሹ ዘንግ በመሪው ሥር ስለ ሆነ ከፊት ሦስት ሰው ሊቀመጥ ይችላል። ብርታቷም የተመሰከረው በወሬ ብቻ አይደለም። በ1963 በምሥራቅ አፍሪካ በተደረገው የሳፋሪ ውድድር 84 መኪናዎች ተነሥተው፣ ከጭቃውና ከጎርፉ ተርፈው የጨረሱት 7 ብቻ በነበሩ ጊዜ፣ አንደኛ የወጣችው ፔጆ 404 ናት። በ1966፣ በ1967ና በ1968 ደግሞ ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈች። እንዲህ ያለችው መኪና ለሐረርጌ ዳገትና ኮረኮንች የምትስማማ ሆና መገኘቷ የሚያስደንቅ አይደለም።

የዚህችን መኪና መልክ ያወጣው በጣሊያን አገር በቱሪን ከተማ ያለው የፒኒንፋሪና ቤት ነው። ይህ ቤት ከዚያ በፊት በ1959 ለእንግሊዞቹ ኦስቲን ኬምብሪጅና ሞሪስ ኦክስፎርድ ለተባሉት የቤተሰብ መኪናዎች መልክ አውጥቶ ነበር። እነዚህን መኪናዎች ከፔጆ 404 ጎን ያቆማቸው ሰው የእንግሊዟና የፈረንሳይዋ እኅትማማቾች ናቸው ይላል፤ ከኋላ ሾጠጥ ብለው የቆሙት ክንፎቻቸው፣ የጣራቸውም ቀጥታ አንድ ናቸውና። መኪና ግርግር ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ለሁለት ደንበኞች በልዩ ልዩ ጨርቅ አንድ ዓይነት ቅድ ቢቀድላቸው እንዲህ ይሆናል፤ ጨርቁ የየራሳቸው ነው፣ ቅዱ ግን የአንድ እጅ መሆኑን አይቶ ያወቀ አይስተውም።

የእንግሊዝም የቤተሰብ መኪናዎች እንደ ሐረሯ ፔጆ ከአገራቸው ርቀው ሁለተኛ ዕድሜ አግኝተዋል። ከቀድሞው ሞሪስ ኦክስፎርድ የተወለደችው አምባሳደር የተባለችው መኪና በህንድ አገር እስከ 2014 ትሠራ ነበር። ሂልማን ሃንተር የተባለችውም የእንግሊዝ መኪና በኢራን ፔይካን ተብላ ከ1967 ጀምሮ እስከ 2005 ተሠርታለች። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ህንድና ኢራን መኪናይቱን በፋብሪካ እንደ ገና ይሠሯት ነበር፤ ሐረር ግን ፋብሪካ ሳይኖራት ያለውን ብቻ እየጠገነች አኖረች። ለዚህም ነው የሐረር ፔጆ ዋጋ በባለሙያ እውቀት ላይ የቆመ ነው የምንለው።

አሁን ወደ ሶፊ እንሻገር። ሶፊ ከኤረርና ከድሬ ጥያራ ጋራ ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዷ ናት። ከከተማይቱ ወጥቶ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የማሽላና የጫት ማሳ፣ በድንጋይ የተካበ እርከን፣ ከጭነታቸው በታች ጎንበስ ብለው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶችንና አህዮችን ያያል። የፔጆ ታክሲ በዚህ አካባቢ የሰጠችው አገልግሎት ከተድላ ጉዞ የተለየ ነበር። ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ማድረስ፣ የጫት እስር ሳይጠወልግ ወደ ገበያ ማቅረብ፣ ሙሽራ መውሰድ፣ ለቀብር ሰው ማጓጓዝ፣ ይህ ሁሉ የእርሷ ሥራ ነበር። ስለዚህም በሶፊ አንዲት አሮጌ ፔጆ ልትሸጥ ነው በተባለ ጊዜ ነገሩ የአንድ ቤት ነገር ሆኖ አልቀረም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተነጋገረበት።

ወደ ግቢው ስንገባ መኪናይቱ በዛፍ ጥላ ሥር ቆማ አገኘናት። የቤቱን ሰዎች ስም መጥራት አያስፈልገንም። ባለቤቱ በሐረርና በዙሪያዋ ከ40 ዓመት በላይ በሾፌርነት የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዐይናቸው እየደከመ ስለ ሄደ መንዳት ትተዋል። ባለቤታቸውና አንዲት ልጃቸው አብረዋቸው ይኖራሉ። ልጅቱ ልብስ ስፌት ተምራ ስላበቃች፣ ሁለት የስፌት መኪና ገዝታ ለመሥራት አስባለች። እናትየዋም እየሣቁ፣ አንዲት መኪና ተሸጣ ሁለት መኪና ብትገዛ ቤታችን አይጎዳም፣ አሉን። በሣቃቸው ውስጥ ግን ችግር እንዳለ ከድምፃቸው መረዳት አያቅትም ነበር።

መኪናይቱ ለዐይን ታምራለች። ሰማያዊ ቀለሟ አዲስ ነው፤ የኒኬል ጌጧም ተወልውሎ ያበራል። ሽማግሌው ግን ቀለሙን አላሳዩንም፤ በቅድሚያ ተንበርክከው ከታች ያለውን አሳዩን። የዚህች መኪና አካል እንደ ጭነት መኪና ለብቻው ሻሲ ያለው አይደለም፤ ወለሉና ግድግዳው ራሱ ተሸካሚ ስለ ሆነ፣ ዝገት ወለሉን ከበላው መኪናይቱ ወገቧ ተቆረጠ ማለት ነው። ስለዚህ በእድሳቱ ጊዜ የዛገው ሁሉ ተቆርጦ ወጣ፤ በምትኩም አዲስ ላሜራ ተበየደ፤ ከዚያ በኋላ ዝገት የሚከላከል ቀለም ተቀባ፤ ስቱኮ የተነካው በመጨረሻ፣ ያውም በስሱ ነው። ሽማግሌው፣ «ስቱኮ የፊት ዱቄት ነው፤ ላሜራ ግን አጥንት ነው» አሉን።

ከዚህ በኋላ የተለወጠውን ነገር አንድ በአንድ ቆጠሩልን። ሞተሯ የራሷ አይደለም፤ የፔጆ 504 ሞተር ነው። 504 በ1968 የወጣች የ404 ተከታይ ስትሆን፣ ሞተሯ ከዚያው ዘር የመጣ ስለ ሆነ ብዙ ሳያስቸግር ይስማማል፤ ኃይሉም ይበልጣል። ዲናሞው ወጥቶ አልተርኔተር ገብቷል፤ ስለዚህም በሌሊት የፊት መብራቱ አይፈዝም። የፊቱ ፍሬን ወደ ዲስክ ተለውጧል። የሾፌሩ በር ከሌላ 404 የመጣ ነው። ጎሚኒ የሚባሉት የጎማ ክፍሎች በገበያ ስላልተገኙ ከአሮጌ ጎማ ተቀርጸው ተሠርተዋል። ፋብሪካው ያላሰበው የወገብ መታጠቂያ ቀበቶም ለኋላ ወንበር ተጨምሯል። የመሪው፣ የካምቢዮው፣ የኋላው አክስልና የአካሏ አብዛኛው ክፍል ግን የጥንቱ ነው።

ይህን ሁሉ ሲነግሩን ከራሳቸው ብቻ አልነበረም። ከመኪናይቱ ኪስ አንድ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ። ከገዟት ጊዜ ጀምሮ የተለወጠው ዕቃ ሁሉ፣ ቴስታው የተከፈተበት፣ ካንዴላው የተቀየረበት፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ የተለወጠበት ቀን ከነኪሎ ሜትሩ ተጽፎበታል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቴስታ፣ ላሜራ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ፣ ጋራዥና ሾፌር የምንላቸው ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። በሽማግሌው ደብተር ግን እነዚህ ሁሉ በእኛው ፊደል፣ በእኛው ዘመን አቆጣጠር ተጽፈው አንድ የቤተሰብ ታሪክ ሆነዋል። ከአንዱ ገጽ ዳር የልጅቱ የልደት ቀን ሳይቀር ተጽፎ አየን፤ እናትየዋን ወደ ሆስፒታል ያደረሱባት በዚህችው መኪና ነውና።

ክርክር የተነሣው በሽያጩ ጊዜ ነው። ነገሩን ያስማማ ዘንድ የተጠራው ደላላ ለሽማግሌው እንዲህ አላቸው። «አባቴ፣ ከአዲስ አበባ አሮጌ መኪና የሚወድ ገዢ አምጥቻለሁ። ሁሉም ነገር የፋብሪካው ነው ይበሉ፤ ደብተሩንም አያውጡት። ይህን ካደረጉ ዋጋው በሲሶ ከፍ ይላል።» ልጅቱም በዚህ ጊዜ፣ «አባባ፣ ሞተሩ የ504 ከሆነ መኪናዋ 404 ናት ማለት ራሱ ውሸት ይሆናል?» ብላ ጠየቀች።

ሽማግሌው ጥቂት ቆይተው መለሱ። «ልጄ፣ በጀጎል ያሉት ቤቶች በየጊዜው ኖራ ይቀባሉ፤ የበሰበሰ የጣራ እንጨትም ይለወጥላቸዋል። ቢሆንም ቤቱ የአያቶች ቤት መባሉ አይቀርም። መኪናዋን 404 ማለት ውሸት አይደለም። ውሸት የሚሆነው እንጨቱ አልተለወጠም ያልሁ እንደ ሆነ ነው።»

ይህ አነጋገር ከሩቅ አገር ሕግ ጋራ ሳይቀር የሚስማማ ሆኖ አገኘነው። በእንግሊዝ አገር ብዙ ለተለወጡ መኪናዎች ለብዙ ዓመታት በሠራው ደንብ መሠረት፣ መኪናው የቀድሞ ቁጥሩን ይዞ ይቆይ ዘንድ ከ14 ነጥብ 8 ማግኘት ይገባው ነበር። ከነዚህም ውስጥ ለአካሉ ወይም ለሻሲው 5 ነጥብ፣ ለመሪው፣ ለካምቢዮው፣ ለአክስሉና ለሞላው ለእያንዳንዳቸው 2 ነጥብ ሲሰጥ፣ ለሞተሩ የሚሰጠው 1 ብቻ ነበር። ስለ ሞተር መለወጥ ብቻ መኪናው ስሙን አያጣም ማለት ነው። በዚያው አገር ከ2018 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ የሆነው መኪና ከዓመታዊ ምርመራ ነጻ ሲደረግ፣ ባለፉት 30 ዓመታት ዋና ዋና ክፍሎቹ በብዙ የተለወጡት ግን ይህን ነጻነት እንዳያገኙ ተደርጓል። መለወጥ ነውር ሆኖ ሳይሆን፣ የተለወጠው በታወቀ ሰው ዐይን መታየት ስለሚገባው ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣው ገዢ ደብተሩ በተነበበለት ጊዜ አልተቆጣም። እርሱ የሚፈልገው ፋብሪካው እንዳወጣት ያለችውን ስለ ነበረ፣ እውነቱን ስለ ነገሩት አመስግኖ ሄደ። ደላላውም አኩርፎ ተከተለው። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ወጣት ሾፌር መጣና ደብተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ጊዜ አነበበ። «አባቴ፣ የተለወጠውን ካወቅሁ ሲበላሽ ከየት እንደምጀምር አውቃለሁ፤ ካላወቅሁ ግን ገንዘቤን በጨለማ እከፍላለሁ» አለ። የሰጠው ዋጋ ደላላው ካለው በሲሶ ያነሰ ነው። ሽማግሌው ተስማሙ፤ በዚያም ላይ ደብተሩን ከመኪናይቱ ጋራ ሰጡት፤ ወጣቱም አንድ ወር ያህል ወደ ግቢው እየተመላለሰ የመኪናይቱን ጠባይ ሊማር ቃል ገባ። እኛ ከሐረር ሳንወጣ ሽያጩ ተፈጸመ። ይህ ግን ያለ ጉዳት የተፈጸመ ነው ብለን አንናገርም፤ ከታሰቡት ሁለት የስፌት መኪናዎች አንዱ ለጊዜው ቀርቷል። እናትየዋ ስለዚህ ሲጠየቁ፣ ልጄ በአንዱ ትጀምራለች፤ ሰው ተከትሎን መጥቶ ገንዘቤን መልሱ ከሚለን ይህ ይሻላል፣ አሉ።

እናትየዋ በነገሩ ቃል ማግኘታቸውም በደግነት ብቻ የሆነ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213፣ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል ይላል፤ ክልሎችም በዚህ ነገር የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። እንግዲህ መኪናው በማንም ስም ቢመዘገብ፣ በትዳር የተገኘ ሀብት ከሆነ አንዱ ሳያውቅ ሌላው ሊሸጠው አይገባም። ብዙ ጠብ የሚነሣው ይህን ካለማወቅ ስለ ሆነ፣ ገዢም አስቀድሞ ቢጠይቅ ከክስ ይድናል።

እንግዲህ አሮጌና የታደሰ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ቤተሰብ ቢኖር፣ ከሽማግሌው የሰማነውን ለጥቅሙ ከዚህ እንጽፍለታለን።

በመጀመሪያ ከቀለሙ በፊት ብረቱን ይመልከት። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በአካሉ ላይ ያስኪደው፤ ማግኔቱ የሚይዝበት ስፍራ ላሜራ ነው፤ የማይዝበት ስፍራ ግን ስቱኮ በወፍራሙ የተሞላበት ነው። ምንጣፉንም ገልጦ ወለሉን ይይ።

ሁለተኛም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እንዲነሣ ያድርግ እንጂ ቀድሞ ተሞቆ የጠበቀውን አይመን። ከማርሚታው የሚወጣው ጢስ ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካላቆመ ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ያቃጥላል።

ሦስተኛም በሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሻሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ላይ ካለው ጋራ ያመሳክር። ሞተር የተለወጠ እንደ ሆነ ለውጡ በሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መመዝገብ ይገባዋል። ውሉም በሰነድ አረጋጋጭ ፊት ይፈረም፤ ስሙም ሳይዘዋወር ዋጋው ተጠቃልሎ አይከፈል።

አራተኛም ፍሬኑን በዳገትና በቁልቁለት ይሞክረው። ልጆቹን የሚያሳፍርበት መኪና ቢዘገይ ጉዳት የለውም፤ አልቆም ቢል ግን ከዚህ የባሰ ጉዳት የለም። የተለወጠ ፍሬንና የተጨመረ ቀበቶ የመኪናውን ጥንታዊነት የሚቀንስ የሚመስለው ቢኖር፣ በፊት ወንበር ልጁን አስቀምጦ ያስብበት።

አምስተኛም መለዋወጫው ከየት እንደሚገኝ፣ የሚጠግነውስ ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ አይግዛ።

ስለዚህ ስለ አምስተኛው ነገር ጥቂት እንጨምር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጥሏል። በ2024 መጀመሪያም መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የወሰነ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ከእንግሊዝም ሆነ ከፈረንሳይ ጥንታዊ መኪና እያመጡ ማደስ የሚታሰብ ነገር አይደለም፤ በአገር ውስጥ ያሉት የመጨረሻዎቹ ናቸው ማለት ይቻላል። አንዲቱ ስትፈርስ ዕቃዋ ለሌላዪቱ መድኃኒት ይሆናል፤ ቁጥራቸው ግን እያደር ይጎድላል። ከብረቱም ይልቅ ፈጥኖ የሚጎድለው እውቀቱ ነው። ጋደል ያለውን ሞተር በጆሮው ብቻ ሰምቶ የትኛው ካንዴላ እንደ ደከመ የሚያውቅ ሰው ሲያርፍ፣ ያ እውቀት በመለዋወጫ መደብር አይሸጥም።

ስለዚህም በየቤታችሁ አሮጌ መኪና፣ የስፌት መኪና፣ የእህል ወፍጮም ቢሆን ያላችሁ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ የተጠገነውን ነገር ሁሉ በደብተር ጻፉት። ልጆቻችሁ ሲጠገን ይዩ፤ መፍቻውን ያቀብሉ፤ ስሙን ይማሩ። የምትሸጡበት ቀን በመጣም ጊዜ ደብተሩን ከዕቃው ጋራ ስጡ። ዋጋው በዚያ ቀን ቢያንስባችሁ፣ የገዛው ሰው በኋለኛው ዘመን ስማችሁን በመልካም ይጠራል፤ ዕቃውም ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ሁለተኛ ዕድሜውን ይቀጥላል። የሐረር ፔጆዎች እስከ ዛሬ የኖሩት በዚህ ዓይነት ነው፤ የሚኖሩትም ይህ ልማድ እስከ ኖረ ድረስ ነው።